ቅዳሜ ትኩሳት የሚለኩት አክስቴ

ሰንበት በሚጠበቅበት ቤት ያደገ አይሁዳዊ ሁሉ የሚፈራው እግዚአብሔርን ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሚፈራው አክስቱን ነው። እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ ሩቅም ነው። አክስት ግን ሳሎን ውስጥ አለች።

የእኛዋ ክብርት የሰንበት ተቆጣጣሪ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ነጠላ ጫማቸውን ያወልቁና በካልሲ ብቻ ይሄዳሉ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ምሽት በቤታችን እሳት አይነድ፣ መብራት አይበራ፣ ስልክ አይነካ። እሳቸው የታመመ ልጅ ግንባር የሚነኩ ይመስል የእጃቸውን ጀርባ በየዕቃው ላይ ያሳርፋሉ። «እስቲ ትኩሳቱን ልየው» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ከኋላው ዳበሱት።

«ይሄ ታሟል» አሉ።

«ፀሐይ መትቶት ነው አክስቴ» አለ ታላቅ ወንድሜ፣ ተደብቆ ኳስ ሲያይ የነበረው።

«ፀሐይዋ በግድግዳው ሾልካ ገባች?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ያን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ወንበር ላይ ወጡና የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ነኩት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨለማ ነው የሚገባው። አንዴ በሩ ገጭቶት ግንባሩ አበጠ። «የሱንም ልየው» ብለው ነኩለት።

ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን እፈራ ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቅዳሜ የት እንደሚገናኙ ሲያወሩ አብሬ እስቃለሁ። ቤት ስደርስ ሳቄ ፊቴ ላይ የቀረ ስለሚመስለኝ በር ላይ ቆሜ በእጄ እጠርገዋለሁ።

ላቦራቶሪ ተምሬ ስጨርስ አንድ ክሊኒክ ለሥራ ፈተነኝ። «ቅዳሜ ከምሳ በፊት እንደውላለን። ካላነሳሽ ተረኛው ይገባል» አሉኝ። አባቴ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «ሰንበትን የሻረ ከእኔ ጋር አይበላም» ይላል። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ቅዳሜ አባቴ ጸሎት ቤት ሄደ። እኔ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ብርድ ልብስ ሥር ደበቅኩት፤ በየደቂቃው እየገለጥኩ አየዋለሁ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። ኮቴ አልሰማሁም። የእጃቸው ጀርባ ብርድ ልብሱ ሥር ገባ። ስልኩ ግሏል።

«የማንን ስልክ ነው የምትጠብቂው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መች ነው የሚመለስ?»

«አሁን ይደርሳል።»

ይሄኔ ስልኩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አክስቴ እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን መነጨቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«እኔ የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ላየው ነው» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ስመለስ ይሄን ቀዝቅዞ ላግኘው።»

ወጥተው በሩን ዘጉት። «ሄሎ» ስል ኮሪደሩ ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተነሳ፤ በቅዳሜ! እስከ ውጭው በር ጧ፣ ጧ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሥራው የኔ መሆኑን እስኪነግሩኝ ድረስ አላቆመም።

ምሳ ላይ ማንኪያዬ ሳህኑን ያንኳኳል።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? ትንቀጠቀጣለች» አለ አባቴ።

አክስቴ የእጃቸውን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ቆዩ።

«ምንም የለባትም» አሉት። «ብላ።»