ኩሬውን ሊጠብቅ የመጣው ጉባኤ

ዱሮ ነው፤ እንስሳት እንደ ሰው መሰብሰብ ከጀመሩ በኋላ፣ መሰብሰብ ሳይሰለቻቸው በፊት። እስከ ዛሬም አልሰለቻቸውም። በአንድ ጫካ ውስጥ የአራዊት ከተማ ነበረች። ከተማዪቱ ከንቲባ ነበራት፣ እሱም አንበሳ ነው፤ ገበያ ነበራት፤ መሃሏ ላይ ደግሞ አንዲት ኩሬ ነበረቻት። በኩሬዋ ዳር ቄጠማ በቅሎ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ጥላውን ጥሎባት፣ ያያት ሁሉ አንጀቱ ይርስ ነበር።

በዚች ኩሬ ውስጥ እመት እንቁራሪት ትኖራለች። እመት እንቁራሪት ወሬኛ ናት፤ ክብርም ትወዳለች። ስሟን ከነማዕረጉ የጠራላት ሁሉ ዘመዷ ነው። እንግዳ በመቀበል ግን የሚስተካከላት የለም። ያን ዓመት ልጆች ወልዳ ነበር። የእንቁራሪት ልጅ ደግሞ ሲወለድ እግር የለውም፤ ጭራ ብቻ ነው። እግር ሳያወጣ ውሃው ካለቀበት እሱም አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ እመት እንቁራሪት ጠዋት ጠዋት በልጆቿ መካከል እየዞረች፣ "እስቲ ዛሬስ እግር ያወጣ አለ?" ትላለች። የለም።

በጋው ገፋ። ኩሬዋ ከዳር ከዳር መሸሽ ጀመረች። በዚያ ላይ አያ ከርከሮ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሲንከባለልባት፣ ውሃው በገላው ላይ ጭቃ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። እመት እንቁራሪት ለአያ ከርከሮ ራሷ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ጎረቤቷ ነው። ግን ጎረቤትን ፊት ለፊት መናገር ነውር መሰላት። ደግሞም ከተማዋ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብላ ያቋቋመችው አካል አለ ሲሉ ሰምታለች፤ የመናፈሻና የአካባቢ ጉዳይ አማካሪ ጉባኤ ይባላል። ገና ስሙን ስትሰማ ደስ አላት።

የጉባኤው ሰብሳቢ አያ ዝሆን ነበር። የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ እሱ ከተቀመጠ በኋላ ለሌላ ሰብሳቢ የሚሆን ቦታ አልተረፈም። የዕፅዋት ባለሙያዋ እመት ፍየል ናት፤ በከተማዋ ያልቀመሰችው ቅጠል ስለሌለ በሙያዋ የሚከራከራት አልተገኘም። ጸሐፊዋ እመት ጦጣ ቃለ ጉባኤውን በኮባ ቅጠል ላይ ትጽፋለች፤ እመት ፍየልም ከጎኗ ተቀምጣ፣ ሳታስበው፣ ከጠርዙ ትቀነጥባለች። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ ምን እንደተባለ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ጉባኤው ይመክራል እንጂ አይወስንም። የሚወስነው ከንቲባው ነው፤ ከንቲባው ደግሞ ቀን ቀን ይተኛል። ስብሰባው የሚደረገው ቀን ነው።

እመት እንቁራሪት እየዘለለች ከጉባኤው አዳራሽ ደረሰች፣ እጅ ነሣች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ ብዙ አላስቸግርም። ልጆቼ እግር እስኪያወጡ ድረስ አያ ከርከሮ ከጉብታው ማዶ ካለው ወንዝ ሄዶ ይንከባለል በሉልኝ። እኔ ልጆቼን ይዤ እንዳልሄድ ወንዙ ዓሣ አለው፤ ገና ጭራ ናቸው፣ ይበሉብኛል። ክረምት ሲገባ እሱም ይመለስ፤ ቤቱ ነው።"

አያ ከርከሮ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ደነገጠ።

"ውይ! እዚያ ውስጥ ልጆች አሉ እንዴ? ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ፣ እመት እንቁራሪት! አሁኑኑ እሄዳለሁ። ወንዙ እንደሆነ ቅርብ ነው።"

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጉባኤ ባይኖር ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

አያ ዝሆን ኩምቢውን አነሣ። "ቆይ እስቲ፣ አያ ከርከሮ። ጉዳዩ ወደ ጉባኤው ከመጣ በኋላ እንዲህ በግል ብድግ ብሎ መሄድ የለም። ኩሬው የሚጎድለው ባንተ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ይህ በጥናት መረጋገጥ አለበት።"

"እኔ እንከባለላለሁ፣ ጭቃ ይዤ እወጣለሁ። ምኑ ነው የሚጠናው?"

"ይጠናል እንጂ!" አለች እመት ፍየል እያኘከች። "አሁን ብትሄድ ደግሞ ያለው ሁኔታ ይለወጥና ጥናቱ ይበላሻል። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቀን ሳታጓድል ተንከባለል።"

አያ ከርከሮ እመት እንቁራሪትን በሐፍረት አያት። "ምን ላድርግ እህቴ፣ ታዝዤ ነው" አለና ሊንከባለል ሄደ።

እመት እንቁራሪት ቅር አላት። ግን ቅሬታዋ ብዙ አልቆየም፤ አያ ዝሆን እዚያው በዚያው "የኩሬ ነዋሪዎች ተወካይ" ብሎ የጉባኤው አባል አደረጋት። ተጨበጨበላት። ጉሮሮዋ በደስታ ተነፋ። ቀጥሎም አያ ዝሆን፣ "ጉባኤው በቦታው ተገኝቶ የመስክ ምልከታ ያድርግ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" ሲል፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷው ነበረች። ቤቷ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነዋ!

መጡ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ መንገዱ አቧራ ነው፤ የሁሉም ከንፈር ደርቋል። እመት እንቁራሪት ቄጠማውን አስተካክላ ከደጇ ቆማ ተቀበለቻቸው። እንግዳ ደጅ ድረስ መጥቶ አፉን ሳያረጥብ ይመለሳል? በየትኛው አገር?

"ግቡ፣ ግቡ! አያ ዝሆን፣ እስቲ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ።"

"የለም፣ የለም፣ ለሥራ ነው የመጣነው" አለ አያ ዝሆን፣ ዓይኑን ከውሃው ላይ ሳይነቅል።

"በሞቴ!"

"ኧረ ተዪ፣ እመት እንቁራሪት።"

"በሞቴ አልኩ! አንዲት ጉንጭ ብቻ። ካልጠጡማ ንቀውኛል ማለት ነው።"

በሞቴ ከተባለ በኋላ አያ ዝሆን ምን ያድርግ? ኩምቢውን ሰደደና አንዲት ጉንጭ ጠጣ። ጉንጩ ግን የዝሆን ጉንጭ ነው፤ ውሃው ከቄጠማው ሥር ወደ ታች ሲወርድ በዓይን ታየ። "እኔንስ አትለምኚኝም?" አለች እመት ፍየል ፊቷን አጥቁራ። እሷም ተለመነች፣ ጠጣች። እመት ጦጣም እንደዚያው። እመት ፍየል በመጨረሻ ከቄጠማው ለናሙና ቆረጠችና ናሙናውን እዚያው እየመረመረች ዋጠችው።

አያ ዝሆን አፉን ጠርጎ ኩሬዋን አየና ራሱን ነቀነቀ። "እውነትም ጎድሏል። ብሶበት እንደሆነ ለማየት ተመልሰን መምጣት አለብን። እመት ጦጣ፣ ጻፊው።"

ተመልሰው መጡ። ከዚያም መጡ። በመጡ ቁጥር ኩሬዋ ካለፈው አንሳ ትጠብቃቸዋለች፤ ማነሷም ጉባኤውን ክፉኛ ስላሳሰበው ምልከታውን አዘወተረ። በመካከሉም ሥራ አልተፈታም። ኩሬዋ ያለችበት መናፈሻ ስም ይውጣለት ተብሎ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ "የሰላም" ይባል፣ "የልማት" ይባል ሲባል ሰነበተና "የሰላምና የልማት" ተባለ። ከዚያ "ኩሬያችንን እንጠብቅ" የሚል ሰሌዳ ይቁም ተባለ። ለሰሌዳው እንጨት ዋርካው ተቆረጠ። ጥላው ሲነሣ ፀሐይዋ ኩሬዋ ላይ ተለቀቀች፤ ሰሌዳው ግን ከሩቅ አምሮ ይታይ ነበር።

እመት እንቁራሪት ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። አንድ ጠዋት በልጆቿ መካከል ስትዞር ጭራቸው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ቦታ ጠቧቸዋል። "ዛሬ በሞቴ ብል ምላሴ ይቆረጥ!" ብላ ማለች። እንግዶቹ መጡ። አያ ዝሆን ምራቁን ዋጠ፤ እመት ፍየል ጉሮሮዋን ይዛ አሳለች። እመት እንቁራሪት አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። አያ ዝሆን ውሃውን አየ፣ እሷን አየ። ነገ በየገበያው "ስስታም ናት" ሲሏት ታያትና ጨነቃት። ማን እንደከፈተው ሳታውቀው አፏ ተከፈተ፦

"በሞቴ፣ አያ ዝሆን!"

በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እናትነቷ ይሉኝታዋን አሸነፈው። ሳይፈቀድላት ተነሣች።

"ጌቶቼ፣ ስሙኝ! ኩሬዬን የጨረሰው አያ ከርከሮ አይደለም። እናንተ ናችሁ! ምልከታችሁ ነው! እኔም አለሁበት፤ በሞቴ እያልኩ ልጆቼን ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አትምጡብኝ። በልጆቼ ይዣችኋለሁ፣ አትምጡብኝ!"

አያ ዝሆን ከልቡ አዘነ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እኛ እንኳ የጠጣነው አንቺን ላለማስቀየም ነበር" አለ። ቀጥሎም ድምፁን አስተካክሎ፣ "ለማንኛውም የተሰጠው አስተያየት ገንቢ ነው። የመስክ ምልከታ ኩሬን ይጎዳ ወይም አይጎዳ እንደሆነ በቦታው ተገኝቶ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም። ጎሽና ወንድሞቹ ቢመሩት ምን ይመስላችኋል?" አለ።

በጭብጨባ ጸደቀ።

ጎሽና ወንድሞቹ መጡ። ያን ቀን እመት እንቁራሪት በሞቴ አላለችም፤ እነሱም መለመን አላስፈለጋቸውም። ሲወጡ ኩሬዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም፤ ጭቃ ብቻ ነበር። ንዑስ ኮሚቴውም ለጉባኤው እንዲህ ሲል አቀረበ፦ ኩሬ ስለሌለ የኩሬው መጉደል ከእንግዲህ አያሳስብም። ጉባኤው በከተማዋ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ችግር እስከ መጨረሻው በመፍታቱ ተቃቅፎ ተደሰተ። ከንቲባው ለዚሁ ተብሎ ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ፤ "ጎሽ፣ በርቱ" አለና ተመልሶ ተኛ።

እመት እንቁራሪት በጭቃው ውስጥ ልጆቿን እየሰበሰበች ስታለቅስ አያ ከርከሮ ደረሰ።

"ጥናቱ አለቀ አሉ፤ አሁንማ የሚያዘኝ የለም" አለ። አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ በክራንቻው እየፈነቀለ መቆፈር ጀመረ። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ቆፈረ። በመጨረሻ ከጉድጓዱ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ አለና አቆረ። ትንሽ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። እመት እንቁራሪት ልጆቿን አንድ በአንድ አገባቻቸው። አያ ከርከሮ ከላይ ቄጠማ ጣል አደረገበት።

"ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ለማን ብዬ!" አለች ወሬኛዋ እመት እንቁራሪት፤ እንዳለችውም አልተነፈሰችም።

እንደዚያ ሆነው ሰነበቱ። እሷም እንግዳ መቀበል ትታ፣ ክብሯንም ረስታ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ጀመር። አንድ ጠዋት ስትዞር ጮኸች። አንዱ እግር አውጥቷል! ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሁሉም ግን አልነበሩም፤ ገና ጭራ ብቻ የሆኑም ነበሩ። "ትንሽ ቀን ብቻ" እያለች ትለምን ነበር፤ ማንን እንደምትለምን ግን አታውቅም።

እመት ጦጣ ግን ከተቆረጠው ዋርካ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ስትቃኝ፣ ከቄጠማው ሥር ውሃ ሲያብለጨልጭ አየች። ጸሐፊ ናትና ወዲያው መዝግባ ለጉባኤው አስታወቀች። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሩቅ አቧራው ተነሣ፤ ከፊት አያ ዝሆን፣ ከጎኑ እመት ፍየል፣ ከኋላ ጎሽና ወንድሞቹ፣ በመካከላቸውም አዲስ ሰሌዳ ተሸክመው ይመጣሉ።

"እመት እንቁራሪት!" ብሎ ተጣራ አያ ዝሆን፣ በደስታ ኩምቢውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ። "እንኳን ደስ አለሽ! አዲስ ኩሬ ተገኘ አሉ! ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ሊጠብቀው ወስኗል!"

ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረው አያ ከርከሮ መንገድ ሊመራ ወደ ወንዙ ዞረ። እመት እንቁራሪት ቄጠማውን ገለጠችና ወደ ልጆቿ ጎንበስ አለች።

"ልጆቼ" አለች፣ "እግር ያወጣችሁ፣ ያላወጡትን አዝላችሁ ውጡ። ዓሣ ይሻላል፤ ሊጠብቁን መጡ።"