ለአውሮፕላን የተቋጠረ ስንቅ

ርቀትን በኪሎ ሜትር መለካት የጀመረው ሰው፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ሳይርበው የተጓዘ መሆን አለበት። የእኛ አገር ሰው መንገድ የሚለካው በስንቅ ነው። «ሩቅ ነው ወይ?» ብትሉት «የሦስት ቀን ስንቅ ያዝ» ይላችኋል፤ እናንተም ለክፉም ለደጉም ብላችሁ የአራት ቀን ትቋጥራላችሁ። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ አፌን የከፈትሁት።

በዚያ በረሃቡ ዘመን ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ነበርሁ። አስተርጓሚ ማለት ያልተጠየቀውንም የሚመልስ ሰው ነው። የጎረቤቴ የእትዬ አለምነሽ ልጅ ደስታ፣ ስሟን እኔም በቅጡ ወደማልጠራት አንዲት የባሕር ማዶ ትንሽ ከተማ እንድትሄድ ተፈቀደላት። እናትዮዋ ጠርተውኝ «ከገዳሪፍ እዚያ ድረስ ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

«ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።

እትዬ አለምነሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስሌት ግን አይስቱም። ከመንደራችን በመተማ በኩል ሱዳን የገባንበት መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መሆኑን ቀደም ብዬ የነገርኋቸውም እኔው ነኝ። እሱን በእግር አሥራ ሰባት ቀን ሄደነዋል። ስለዚህ ስድስት ሺው ዓመት ከአምስት ወር ይፈጃል አሉ። ደግሜ አሰላሁት፤ ልክ ናቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሚታደላቸው ዱራ፣ ማለትም ማሽላ፣ ግማሹን እየጋገሩ ድርቆሽ ያደርጉት ገቡ። የስንቁ ጆንያ ሲወፍር እሳቸው ከሱ፤ ማተባቸው አንገታቸው ላይ ሰፋ። «እትዬ፣ በአውሮፕላን እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ምግብም ያበሏታል!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«ወደዚህ ስንመጣም ስምንት ቀን ነው ብለውን ነበር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

እውነት ነው። የቋጠርነውም የስምንት ቀን ነበር። ትንሹን ልጃቸውን በአሥራ አንደኛው ቀን መንገድ ዳር ቀበርነው። አፈርሁ፤ ሁለተኛ ስለ ሰዓት አላነሳሁባቸውም።

የመሄጃዋ ቀን ክረምት ላይ ዋለ። ጆንያውና ደስታ ሎሪ ላይ ወጡ፤ እኔም ለሸኚነት ተከተልሁ። እትዬ «እሷ መድረሷን ሳልሰማ በቀን ከእፍኝ ንፍሮ በላይ አልቀምስም» ብለው ማሉ። እኔ ደግሞ ጆንያውን ገዳሪፍ ላይ ለሰው ልሰጠው በሆዴ ቆርጫለሁ።

የዚያን አገር ጥቁር ጭቃ ያየ ያውቀዋል። ሎሪው መንገድ ሳያጋምስ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሦስት ቀን! ተሳፋሪው ሁሉ፣ ሹፌሩ ጭምር፣ ድርቆሹን በዝናብ ውሃ እያራሰ በላ። ሹፌሩ በየጉርሻው «ኩወይስ፣ ኩወይስ» ይላል፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አብዝቼ የበላሁት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። በአራተኛው ቀን ትራክተር ጎትቶ አወጣን፤ ደስታም ካርቱም ደርሳ በረረች። ዘጠኝ ሰዓት፣ እንዳልሁት።

መድረሷ በመጠለያው ቢሮ በኩል እንደተሰማ ወደ እትዬ ሮጥሁ። መደባቸው ላይ ጋደም ብለዋል።

«ደረሰች!»

«ስንቁስ?»

«አለቀ። መንገድ ላይ።»

«ሳይርባት?»

«ሳይርባት፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሥተው ተቀመጡ። «በል እንግዲያ» አሉኝ፣ «የሚበላ ነገር አምጣልኝ።»