ትዕግሥት አስተማሪው ሐሩን

በየኮንዶሚኒየሙ ትዕግሥትን ለዓለም እንዲያስተምር የተሾመ አንድ አባት አይጠፋም፤ ማን እንደሾመው ግን አይታወቅም። ለቦሌ አራብሳ የደረሳት ክቡር አቶ ሐሩን ነው። ሚስቱ ሪሀና በስድስት ዓመት ትዳራቸው ሻይ እስኪበርድ ሲጠብቅ አይታው አታውቅም። ምላሱን ያቃጥልና "ማነው እንዲህ ያፈላው?" ይላል። ሾላ ገበያ ባለው የቅመም ሱቁም ደንበኛ በርበሬ አንስታ ትንሽ ካሸተተች "እናቴ፣ እየገዛሽ ነው ወይስ እየታጠንሽው?" ብሎ ያስደነግጣታል።

ታዲያ የአራት ዓመቷ ልጃቸው ሸይማ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሸርተቴ ወረፋ አልጠብቅ ብላ ልጆች ስትገፈትር፣ መምህርቷ ዳናይት ወላጆቿን ጠራች።

"ስሜቷን መቆጣጠርና ተራ መጠበቅ ካልለመደች ከርሞም እዚሁ ክፍል ትቆያለች" አለቻቸው።

ሪሀና ደነገጠች። ሐሩን ግን ደረቱን ነፋ። "ለኔ ተዪው! ትዕግሥት ማለት እኔ ነኝ።" ሪሀና ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ወሩ ረመዳን ነበርና ሥልጠናው በማፍጠሪያ ሰዓት ተጀመረ። ሸይማ ለጾም ባትደርስም አንድ ሳምቡሳ ፊቷ ይቀመጣል። "አዛን እስኪል ካልነካሽው ሁለት ታገኛለሽ።" በመጀመሪያው ቀን ሳምቡሳው ከአሠልጣኙ ንግግር ቀድሞ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ጠርዙን ብቻ ላሰችው። ሐሩን "ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ትዕግሥት!" እያለ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፣ መስኮት ይከፍታል፣ አልጠልቅ ያለችውን ፀሐይ ይቆጣል።

በአሥረኛው ቀን ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈው ቴሌቪዥን አዛን አለ። ሐሩን ሳምቡሳ አንስቶ አፉ ሊያደርስ ሲል ሸይማ እጁን ለቀም አደረገችው።

"አባዬ፣ እሱ የመካ ነው! የኛ ገና ነው።"

እውነቷን ነው፤ መካ ቀድማ ታፈጥር ነበር። "እጅህን ሆድህ ላይ አድርግ። በአፍንጫ ሳብ፣ በአፍ ፉ በል። ሚስ እንደዚህ ነው ያለችን።" አባትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ስምንት ደቂቃ ሙሉ ፉ ሲሉ ቆዩ።

የሰፈሩ አዛን ሲሰማ ሸይማ የራሷን ሳምቡሳ ለአባቷ ዘረጋች። "መጀመሪያ አባዬ። ከጧት ጀምሮ የጠበቀው እሱ ነው።"

የሐሩን ዓይን እንባ ሞላ። ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ለመምህርቷ ደወለ። ሪሀና "ነገ ትነግራታለህ!" ብትል ማን ሰምቷት።

"ደስ ይላል፣ አቶ ሐሩን" አለች ዳናይት፣ ታሪኩን እስከ ፉፉታው ከሰማች በኋላ። "ሸይማ እንዲህ ከቀጠለች ታልፋለች። እርስዎን ግን አንድ ዓመት እናስደግምዎታለን።"

ሪሀና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ለልጇ ሁለቱን ሳምቡሳ ሰጠቻት፤ የራሷንም ቆርሳ ሐሩንን አጎረሰችው። ይኼን ችኩል ሰውዬ ትወደዋለች፤ ምን ታድርግ!