የክብር ወንበር

ከልክ በላይ የሚያከብር አሠሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚሁ ሰበታ፣ በምሠራበት የቆርቆሮ ፋብሪካ።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ለሜሳ ከጦር ሜዳ ቆስለው የተመለሱትን ሃምሳ አለቃ ታደሰን ቀጠሩ። የሃምሳ አለቃ ግራ ጆሮ ካቆሰላቸው ፍንዳታ ወዲህ አይሰማም። ቀኙ ደህና ነው።

ኦቦ ለሜሳ ታዲያ በየስብሰባው ሃምሳ አለቃን ከቀኛቸው ያስቀምጧቸዋል። የክብር ቦታ ነዋ! እንግዲህ አስቡት፤ ኦቦ ለሜሳ በቀኛቸው ያስቀመጡት ሰው ወደ እሳቸው የሚያዞረው የትኛውን ጆሮ ነው? ግራውን።

ሃምሳ አለቃ አንድ ቀን፣ «ጌታዬ፣ እንድሰማዎት በግራዎ ልቀመጥ» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ለሜሳ ደነገጡ። «ጀግና በግራ ይቀመጣል? እኔ እያለሁ?»

ባለፈው ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ ማሽኖቹ አጠገብ ተሰበሰበ። ኦቦ ለሜሳ ሃምሳ አለቃን እንደተለመደው በቀኛቸው አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ እንዳደረጉ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ የጎደለዎት ነገር አለ? ይናገሩ፤ ዛሬውኑ እናስተካክላለን» አሉ።

ማሽኑ ይጮሃል። ሃምሳ አለቃ ዝም።

«አያችሁ?» አሉን ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ጀግና አያማርርም!»

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ሃምሳ አለቃም እኛን አዩና አብረው አጨበጨቡ።