ተፍኪ ለምን ደጅ ቀረች

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጥሩ ተረት ነው። ግን ሃምሳ አንደኛው ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ሎሚ ይጨመር? አንዱ ይከፈል? ወይስ ሰውዬው የራሱን ሎሚ ይዞ እስኪመጣ በር ላይ ይቁም? እኔ መቁጠር የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

በቴሌቪዥን ስለ ባሕር ማዶ አገሮች ኅብረት ሲወራ ሰምታችኋል? አንዷ አገር ልግባ ትላለች። ነባሮቹ መጀመሪያ ቤትሽን አጽጂ ይሏታል። አጽድታ ስትመጣ ደግሞ አንዱ ነባር የቆየ ቂም ያነሳና እጄን አላወጣም ይላል። የሁሉም እጅ ካልወጣ በሩ አይከፈትም። ጎረቤቴ ይህን ሲያይ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ይለኛል። ምንም አልነካቸውም። በዚህ የሚገረመው እድር ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።

እኛም ኅብረት አለን። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሦስት እድሮች ድንኳንና ወንበራችንን አንድ ላይ አድርገናል። እኔ የሰበታው ነኝ፤ ንብረቱንም የምቆጥረው እኔ ነኝ። ቡራዩን የሚወክሉት ሐጂ ከማል ናቸው፤ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አላቸው። የሱሉልታዋ ወይዘሮ ዘነበች ዕድሜያቸውን በቢሮ ሥራ ስለጨረሱ ያለ ቃለ ጉባኤ ውሃ እንኳ አይጠጡም።

ሦስት ሆነንም ቀላል አልነበረም። ለወሬ ጎረቤት ነን እንጂ በመካከላችን አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ተጋድማለች። አንድ ጊዜ ከሱሉልታ ወደ ሰበታ ለቅሶ ቤት የተላከ ድንኳን፣ መንገድ ተዘጋግቶበት የደረሰው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሐዘንተኞቹ ምን ያድርጉ? «ካመጣችሁትማ ለአርባው ይቆየን» አሉ።

እንዲህ እያለን ነው ተፍኪ የመጣችው። ከሰበታ ወዲያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የእድራቸው ሊቀመንበር ኦቦ ቶሎሳ ስብሰባችን ላይ ተገኝተው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ጤናችንን ጠይቀው ሲያበቁ፣ «እኛንም አስገቡን» አሉ። ድንኳናቸውን ንፋስ ቀዶታል። ክረምቱ እየመጣ ነው። የኦቦ ቶሎሳ እናት ደግሞ በጣም አርጅተዋል። ልጃቸው በኦሮምኛ ሃርሜ፣ ማለትም እናቴ፣ ስለሚሏቸው እኛም ሃርሜ እንላቸዋለን።

ሃርሜ ታዲያ ቁርጥ ያለ አቋም አላቸው። «ለእኔ ብሎ የመጣ ሰው ጭቃ ላይ አይቀመጥም። ድንኳን ሳይኖር አልሞትም» ብለዋል። ኦቦ ቶሎሳ ከስብሰባ በተመለሱ ቁጥር ሃርሜ ይጠይቋቸዋል።

«ገባን?»

«ገና ነው፣ ሃርሜ።»

«እንግዲያው እኔም ገና ነኝ።»

አሁን ሒሳቡን እንየው። የተፍኪ ወጣት ገላን ከተማ ፋብሪካ ገብቶ ቀርቷል። የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔም አላፈርኩም፤ «ኦቦ ቶሎሳ፣ አይቀየሙኝ፤ መዋጯችሁ ትንሽ፣ ለቅሷችሁ ብዙ ነው የሚሆነው» አልኳቸው።

«እናንተ ሰበታዎች ለዘላለም ልትኖሩ ነው እንዴ?» አሉኝ። ይህንንስ አልቆጠርኩትም ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች መስፈርት አረቀቁ። አዲስ አባል የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ወንበርና ማኅተም ያረፈበት መተዳደሪያ ደንብ ይኑረው አሉ።

«ድንኳን ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«እሱማ ልክ ነዎት። ግን መስፈርት ነው።»

ሐጂ ከማል ደግሞ ድስት አመጡ። ማለቴ፣ የድስት ነገር አመጡ። ድሮ አንድ የተፍኪ ሰው ለልጁ ሠርግ የቡራዩን ትልቅ ብረት ድስት ተውሶ ሳይመልስ ቀርቷል። «ድስቱ ሳይመለስ እጄን አላወጣም» አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ከየትም ፈልገው አንድ ድስት በባጃጅ ጭነው መጡ። ሐጂ በጣታቸው አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይህ የእኛ አይደለም። የእኛ ድምፁ ወፍራም ነበር።»

«ሐጂ፣ የጠፋባችሁ ድስት ነው ወይስ ዘፋኝ?»

ነገሩ እንዲህ ሲጓተት ክረምቱ ገባ። የሐጂ ከማል የጋብቻ ዘመድ ተፍኪ ላይ አረፈና ሐጂ ለቅሶ ሄዱ። የተቀደደው ድንኳን ሥር እንደተቀመጡ ዝናቡ ወረደባቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እያስነጠሱ፣ «ድስቱን ለአላህ ትቼዋለሁ። ሰዎቹ ይግቡ» አሉ። ወይዘሮ ዘነበችም መስፈርቱ በሂደት ሊሟላ ይችላል አሉ። እኔም ቆጥሬ ቆጥሬ ደረስኩበት፤ የተፍኪ ሰዎች አባል ሳይሆኑም ከእኛ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። ወንበር ብቻውን አያለቅስም።

በሳምንቱ ድምፅ ለመስጠት ተሰበሰብን። የሦስታችንም እጅ ወጣ። ወይዘሮ ዘነበች ብዕራቸውን አነሱ። ይኼኔ ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«እባካችሁ፣ እጃችሁን አውርዱ» አሉ።

ደነገጥን። ምን ሆኑ?

«ልንገባ መሆኑን ሃርሜ ሰምታለች። ጋቢዋን ለጎረቤት ሰጠች። ዘመድ አስጠርታ ተሰናበተች። ትናንት እራቷን አልበላም አለች፤ ‹ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?› ትላለች። የኔ ጌቶች፣ መስፈርት ጨምሩልኝ። ከበድ ያለ ይሁን።»

ድንኳን የት ይቀመጥ በሚለው እንኳ ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች፣ ያን ቀን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተስማማን። ወይዘሮ ዘነበች «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ብለው ጻፉ። በቢሮ ዕድሜያቸው ከዚህች ዐረፍተ ነገር ሾልኮ ያለፈ ጉዳይ አላዩም። ካሉን ሁለት ድንኳኖች አንዱ ግን ተፍኪ፣ በኦቦ ቶሎሳ የእህል ማከማቻ ውስጥ እንዲቀመጥ ወሰንን። ለሃርሜ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኦቦ ቶሎሳ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ነገርኳት» አሉ። «‹አሁንም አላስገቡንም› ስላት ከአልጋዋ ተነሥታ ተቀመጠች። ጋቢዋን ከጎረቤት አስመለሰች። ገንፎ አሠርታ ሙልጭ አድርጋ በላችና ረገመቻችሁ።»

«ምን ብለው?» አሉ ሐጂ ከማል፤ እርግማን ይፈራሉ።

«‹እኛን ደጅ እንዳስጠኑን፣ እነሱንም ፈጣሪ ሰማይ ቤት አላስገባም ብሎ ብዙ ዘመን ያስጠብቃቸው› አለች።»

እኛ ሽማግሌዎች ተያየን። በዕድሜዬ ብዙ ምርቃት ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ግን የለም። ባርኔጣችንን አውልቀን፣ ተነሥተን፣ አሜን አልን።