የጋሽ ጭልፋ ምላስ ከግዞት የተመለሰበት ቀን

ምላሳቸው በግዞት በተቀመጠ በስምንተኛው ወር፣ ዘመነ ዕረፍት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሆስፒታሉ ማድ ቤት አለቃ፣ የትልልቅ ድስቶች አዛዥ፣ ጨውን በጣታቸው መዛኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ጭልፋ የሚላቸው፣ ከባሕሩ ዳር ማረፊያችን ተነሥተው ወደ ቢራ ጠማቂው ቤት ዘመቱ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ከያዛቸው ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምላሳቸው ጨውና ስኳር መለየት ትቶ ነበር፤ ሐኪሙም «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» ብሎ አወጀ። የማይቀምስ ወጥ ሠሪ ምን ይሠራል? ምድጃ ፊት መቆም ተዉ፤ የሰጧቸውን ሁሉ «ይጣፍጣል» እያሉ ይውጡ ጀመር፤ ያቺ «ይጣፍጣል» ከጉንፋኑ ይልቅ እኛን ጎዳችን። ስለዚህ አንድ ብርቱ መጠጥ ምላሳቸውን ይቀሰቅስ እንደሆነ ሊሞክሩ ተነሡ።

ወእምዝ ሠራዊታቸው ተከተላቸው፤ በቀኝ ባለቤታቸው እትዬ፣ የፀሐይ ቅባትና ሹራብ ተሸክመው፤ በግራ አማቻቸው፣ ካርታውን ገልብጦ ይዞ፤ በኋላ እኔ ታናሻቸው። በካርታው ምክንያት ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርነው።

ጠማቂውም ከበርሜሎቹ ፊት ቆሞ አወጀ፦ «ይህ ቢራ አይፒኤ ይባላል፤ በገዛ እጄ የጠመቅሁት ነው፤ እንደ ጌሾ ያለውን መራራ አበባ አልሰሰትሁበትም፤ ጣፋጭ ያማረው ጎረቤት ለስላሳ አለለት!»

ጋሽ ጭልፋ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሡ፤ ቀለሙ የብርቱካን ልጣጭ ይመስል ነበር። እንደ ሙያቸው ወግ አስቀድመው አሸተቱ፤ ከአረፋው በጣታቸው ጫፍ ላሱ፤ ከዚያም ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እትዬ ትን ያላቸው መስሏቸው ጀርባቸውን ደበደቡ፤ አማችየውም ብርጭቆውን ሊነጥቅ ዘለለ። እሳቸው ግን በሁለት ክንዳቸው እንደ ምሽግ ከበውት፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መረረኝ! እንደ ሬት መረረኝ! ይህን ብርጭቆ የነካ ዘመዴ አይደለም!»

ጠማቂው ሥራው የተሰደበበት መስሎት አኩርፎ ፊቱን አዞረ። እትዬ ግን ሹራቡን ጥለው ተነሡ፤ አዋጃቸውም ይህ ነበር፦ «አንተ ጠማቂ፣ ድገምለት! ይምረረው! ከዛሬ ወዲያ የኔን ሾርባ አይቶ፣ ሳይቀምስ ‹ይጣፍጣል› ቢል ወዮለት!»

ሁለተኛው ተቀዳ፤ እሱም መረራቸው፤ እልል ተባለ።

ድል አድራጊ ሁሉ ጣፋጭ ምርኮ ይዞ ይገባል፤ መራራ ማርኮ በደስታ ያለቀሰ ግን ከጋሽ ጭልፋ በቀር አላየሁም። ጠላታቸውን ፊት ለፊት የገጠሙ፣ ከብርጭቆ ያላፈገፈጉ፣ የምላሳቸው ንጉሥ እሳቸው ናቸው።

በተከታዩ ሰኞ ሥራ ገብተው የመጀመሪያውን ድስት ቀመሱና ጨው በዝቶበታል ብለው አስደፉት። ሁለት ዓመት ሠርተው፣ ጡረታ ሊወጡ ወር ሲቀራቸው አረፉ።