ከጅቡቲ የመጣው እርግዝናዬ

«ሴት ልጅ ማህፀኗ የራሷ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። የእኔ ማህፀን መጀመሪያ የአማቴ ነበር፣ ቀጥሎ የግቢው ሰው፣ በመጨረሻ ደግሞ የቀበሌው። እኔማ ተሸካሚ ብቻ ነበርኩ... ያውም በነፃ!

ነገሩ የሆነው ከሶማሌ ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ባለቤቴ ግርማ ምድር ባቡር የሚሠራ፣ ፈረንሳይኛውን ከባቡር ነጂዎች የለቃቀመ፣ ጠጉሩ ከግንባሩ ማፈግፈግ የጀመረ ጎልማሳ ነበር። ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ልጅ የለም። ልጅ መፈለግ እኮ እናንተዬ፣ በሽታ ነው! መንገድ ላይ የሰው ሕፃን ሳይ እጄ ሳላዘው ይዘረጋ ነበር። አማቴ እማማ የሺ ደግሞ ከናዝሬት በሚልኩት ደብዳቤ ሁሉ ሰላምታውን በአንድ መስመር ይጨርሱና የቀረውን ገጽ ስለ ሆዴ ያስጽፉበታል።

ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? እኔ ፊቴን ላሳምር ተነሳሁ። የድሬ ፀሐይ አክስሎኝ ነበርና ቀፊራ ገበያ ወረድኩ፤ ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ እያመጣች ወደምትሸጠው ወደ አዴ ፋጡማ።

«ይኼን ተቀቢ አቦ!» አለችና ከድርያ ቀሚሷ ሥር አንዲት ነጭ ቆርቆሮ አወጣች። «ወላሂ፣ ባልሽ ራሱ አይለይሽም!»

«ላዩ ላይ የነበረው ወረቀትስ? ስሙ ማነው?»

«ኬላ ላይ ፊናንሶች እንዳይዙኝ ልጬ ጣልኩታ! ስሙን ምን ያደርግልሻል? ልታገቢው ነው?»

አሳመነችኝ። ጠዋትና ማታ ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ተለቀለቅኩ። እውነቱን ለመናገር ፊቴ ፈካ። ፊቴ ሲፈካ ግን የወር አበባዬ ጠፋ! አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ... ያቅለሸልሸኛል፣ ጡቴን ያመኛል። በደስታ ላብድ ደረስኩ። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አብራን ለምትኖረው ለዘነበች «ለማንም እንዳትነግሪ» ብዬ ነገርኳት። ዘነበች የቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ናት። አዎ፣ አውቃለሁ... አትፍረዱብኝ፣ ደስታ ያጃጅላል።

እሁድ በቀበሌው ስብሰባ መፈክሩ እንዳበቃ ዘነበች ብድግ አለች።

«ጓዶች! ጓድ አልማዝ በማህፀኗ አዲስ ጓድ ይዛለች!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዱማ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። የቀበሌው ሊቀመንበር እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት ውሳኔ አስተላለፈ፤ ከቅዳሜው የጽዳት ዘመቻ ነፃ ወጣሁ፣ በቤተሰብ መዝገቡ ላይም ከሁለት ወደ ሦስት አደግን። ስኳር በቀበሌ በነፍስ ወከፍ በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ ልጄ ሳይፀነስ የስኳር ድርሻውን መውሰድ ጀመረ።

ወሬው ናዝሬት ሲደርስ እማማ የሺ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ጭነው በባቡር ከች አሉ። ቅቤው መንገድ ላይ ቀልጦ ዱቄቱን አቡክቶት ነበርና ገንፎው ግማሽ ሥራው አልቆ ነው የደረሰው። በየማለዳው ሆዴ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ።

«አይንቀሳቀስም እኮ፣ እማማ።»

«ወንድ ነዋ! አባቱም እንዲሁ ነበር፤ እስኪወለድ ድረስ እንቅልፉን ነው የለጠጠው።»

ግርማ ግን ልክ አልነበረም። በዚያ በድሬ ሙቀት፣ ውሻው እንኳ ከቱቦ ሥር በማይወጣበት ሰዓት፣ ወፍራም ኮት ለብሶ ይውላል! ምን ሆንክ ስለው «ብርድ ብርድ ይለኛል» ይላል። ሸሚዝ ሲቀይር በር ይዘጋብኛል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን ብዬ ኮቱን አሸተትኩት... የሸተተኝ ላብ ብቻ ነው።

አምስተኛው ወር ሲገባ ሆዴ ያው ጠፍጣፋ ነው። ያኔ ፈራሁ። ልጄ ውስጤ ሞቶ ይሆን እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ሆስፒታል ሄድን። የመረመረኝ ከኩባ የመጣ ሐኪም ነበር። አማርኛ አያውቅም፤ ፈረንሳይኛ ግን ትንሽ ትንሽ ይሞካክራል። ስለዚህ አስተርጓሚው ግርማ ሆነ፣ ከነኮቱ። ችግሩ፣ የግርማ ፈረንሳይኛ የባቡር ፈረንሳይኛ ነው።

«የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው ይላል።»

«ከጥምቀት በፊት።»

ግርማ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ። በኋላ እንደነገረኝ ያለው እንዲህ ነው፦ «ባቡሩ በየወሩ በሰዓቱ ይገባ ነበር፤ ከጥምቀት ወዲህ ግን መስመሩ ላይ አልታየም።» ሐኪሙ አናቱን አከከ። ከዚያ ሆዴን ዳበሰ፣ አዳመጠ፣ እንደገና አዳመጠ። አንድ ነገር ሲናገር ግርማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አለ?»

የኮቱን ቁልፍ ይነካካል።

«ተናገር እንጂ አቦ!»

«ጣቢያው ባዶ ነው ይላል... ማንም አልገባም። ከመጀመሪያውም።»

አለቀስኩ። ዛሬ እየሳቅኩ እጽፈዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ልጅ የቀበርኩ ያህል ነው ያለቀስኩት። ሐኪሙ ውሃ ሰጠኝና ቀና ሲል ዓይኑ ግርማ ላይ አረፈ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ ኮቱን እንዲያወልቅ በእጁ አሳየው።

«እኔ? እኔ እኮ አስተርጓሚ ነኝ!»

«አውልቅ!» አልኩት እኔም፣ እንባዬን እየጠረግኩ።

ኮቱ ወለቀ፣ ሸሚዙ ወለቀ... እናንተዬ! ከሁለታችን ለማጥባት የተዘጋጀው እሱ ነበር! እውነተኛ ጡት! በሦስት ዓመት ትዳር እንዲህ ያለ ነገር አይቼበት አላውቅም።

ሐኪሙ የምንውጠውን፣ የምንቀባውን ሁሉ ጠየቀ። ከቦርሳዬ ቆርቆሮዋን አወጣሁ። ግርማ ወለሉን ማየት ጀመረ።

«ግርማ?»

«ጠጉር... ያበቅል እንደሆነ ብዬ... አናቴ ላይ...»

«ስንት ቀን?»

«አንቺ ከቤት በወጣሽ ቁጥር።»

ሐኪሙ ቆርቆሮዋን ገልብጦ ከታች የተቀረጸችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበና ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ለካ የፊት ቅባት አይደለም! ዕድሜያቸው ገፍቶ አበባቸው ለቆመ ሴቶች፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በሩዝ ፍሬ ልክ የሚታዘዝ የሴት ሆርሞን ነው። እኛ ደግሞ ባልና ሚስት ተጋግዘን እንደ ቅቤ ለቅልቀነዋል። በሉ እስቲ፣ እናንተስ የምትቀቡት ነገር ከታቹ ምን እንደሚል ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሆርሞን ምንድን ነው?» አልኩ።

ግርማ ጥቂት አዳመጠና በሚያውቀው ቋንቋ አስረዳኝ። «በደምሽ ውስጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው። ይኼ ከውጭ የገባው የጣቢያ ኃላፊ መስሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ‹መስመሩ ተይዟል› እያለ ያስተላልፋል። የራስሽ ሠራተኞች አምነውት ሥራ አቁመዋል።»

«ተመልሰው ይገባሉ ወይ በለው!» ክንዱን ይዤ ነቀነቅኩት። «ልጅ እወልዳለሁ ወይ በለው!»

«ቅባቱን ጣሉና ጠብቁ ይላል። አበባሽ ከተመለሰ ተስፋ አለ። መቼ እንደሚመለስ ግን ቀን አልሰጥም ይላል።»

ቆርቆሮዋን እዚያው ጥለን ወጣን። ቀጥሎ ቀበሌ ሄጄ እርግዝናዬን ልመልስ ብል ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ ተቆጣኝ።

«ከመዝገብ የሚሰረዝ ሰው ወይ ሲሞት ነው፣ ወይ ሲዛወር።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አልተፀነሰም እኮ!»

«እንግዲያው የሄደበት ቀበሌ የዝውውር ደብዳቤ ይጻፍልን።»

ስኳሩ ቀጠለ፤ ምን ላድርግ፣ ጠጣነው። ግቢውም መዝገቡን አምኖ መውለጃዬን መጠበቅ ቀጠለ። እማማ የሺ ግን ሐዘን ተቀመጡ። «ናዝሬት ምን ብዬ ነው የምገባው?» ብለው ሻንጣቸውን አልነካም አሉ። ግርማ ኮቱን አወለቀ፤ ደረቱም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። የእኔ ግን አንድ ወር፣ ሁለት ወር... ወፍ የለም። እማማ በየማለዳው በዓይናቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አየሁት።

ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ባየሁት ቁጥር ያለቀስኩበትን ደም፣ ያን ቀን እልልልል አልኩለት! እየደጋገምኩ። ግቢው ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ተገላገለች!» ይላል የዘነበች ድምፅ ከውጭ። «ሰባት ጊዜ ነው እልል ያለችው፣ ወንድ ነው!»

«ሦስት ነው ባክሽ፣ ሴት ናት!» ይላል ሌላው።

እማማ የሺ ሁሉንም ገፍተው ገቡና በሩን በጀርባቸው ዘጉት። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን አስተካክለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

«እና... ለዚህኛውስ ስንት እልልታ ነው የሚባለው?»